የአባባ ወልዴ ሚዛንና የእኔ ቦርጭ

ጥቅምት 6፣ ጠዋት 3፡20። አቃቂ፣ ተራ ላይ

ሻይ 1፣ ያለ ስኳር። ዳቦ ግማሽ። ቅቅል እንቁላል 1። ፓስቲ 0።

እሺ፣ ፓስቲ 1።

ደብተር፣ እንደዛ አትዪኝ። የበላኸውን ሁሉ ጻፍ ያለችኝ ሲ/ር ሰናይት ናት እንጂ እኔ አንቺን ፈልጌ አልመጣሁም። ከስምንተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር የታክሲ ወንበር ጀርባ ላይ ነው። እሱንም ጋሽ ደምሴ በቤንዚን ጨርቅ አስጠርጎኛል።

ጋሽ ደምሴ ሹፌሩ ነው፣ እኔ ረዳቱ። ከአቃቂ ሳሪስ፣ ከሳሪስ አቃቂ። ስሜ ከድር። መስመሩ ላይ ግን ቦቴ ነው የሚሉኝ፣ ነዳጅ እንደሚጭነው መኪና። ሦስት ሰው የሚይዝ ወንበር እኔ ካለሁበት ሁለት ነው።

ባለፈው ሳምንት ቃሊቲ ጋ መኪናው ተነሣ። ሮጬ ልንጠለጠል ስል ደረቴን የሆነ ነገር ጨመደደኝ። ዓይኔ ጠቆረ። አስፋልቱ ላይ ተንበረከክሁ። ተሳፋሪው ሳቀ። አልፈርድባቸውም፤ በዚያው ሳምንት ሁለቴ የውሸት ወድቄላቸዋለሁ። ጋሽ ደምሴ ግን ፊቴን አየና ወርዶ ተሸከመኝ። ማለቴ ጎተተኝ። መሸከሙንማ ከየት ያምጣው።

ጤ/ጣቢያ። ክብደት 112። ግፊት ከፍ ያለ። ስኳር በባዶ ሆድ 121። ሲ/ር ሰናይት እንዳስረዳችኝ ስኳሩ ገና በሽታ አልሆነም፣ በር ላይ ቆሞ እያንኳኳ ነው። ሦስት ወር ሰጠችኝ። ምግብ ማስተካከል፣ መራመድ፣ ቀስ እያሉ መቀነስ። ጥር 6 እንደገና እለካለሁ። ካልወረደ መድኃኒት፣ ምናልባት ዕድሜ ልክ።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ግፊት ነው የወሰደው። 44 ዓመቱ ነበር። ይህን አንዴ ጻፍኩት፣ ሁለተኛ አልጽፈውም።

ሊሞላ ነው። ልጩህ።

ጥቅምት 7፣ ንጋት 12፡15

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶ. አራተኛ ፎቅ ነው ቤታችን። ደረጃው 68። ስድስት ዓመት ኖሬበት ዛሬ ቆጠርኩት። እስከ ዛሬ ጃኬቴን ከረሳሁ ከታች ሆኜ አፏጫለሁ፣ እማዬ በመስኮት ትወረውርልኛለች። አንዴ የጎረቤት ጭንቅላት ላይ አርፏል። ያ ዘመን አልፏል።

መራመድ፣ 30 ደቂቃ። ሲ/ር ሰናይት እንዳትሮጥ ብላለች፣ ጉልበቴ አይችልም። ልኩ እንዲህ ነው፦ እየተራመድክ ማውራት ትችላለህ፣ መዝፈን ግን አትችልም።

ሞከርኩት። ወደ ፋብሪካ ለፈረቃ የሚሄዱ ሴቶች ጎን ደርሼ ዘፈንኩ። ቻልኩ። እንግዲያው ቀርፋፋ ነኝ ማለት ነው። ፈጠንኩ። ዘፈኑ አፌ ውስጥ ቀረ። ከኋላዬ አንዷ ተመስገን ስትል ሰማሁ።

ብርድ። ላብ። ሁለቱም በአንዴ። ውሻ 2 ተከተለኝ፣ እነሱም ደከማቸው።

ጥቅምት 9፣ 8፡00

የሲ/ር ሰናይት ትእዛዝ፦ በራስህ ሳህን ብላ፣ ግማሹ ጎመን ይሁን። ለእማዬ ነገርኳት። ምን አደረግሁህ አለች። እኛ ቤት ሳህን የሚለይ የተጣላ ሰው ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

መላ አገኘሁ። እንጀራው ላይ በጣቴ ድንበር አሰመርኩ። ይሄ የኔ ወረዳ፣ ያ ያንቺ። ጎመኑ ሁሉ ወደኔ ይፍለስ፣ ቅቤ የነካው ወዳንቺ። ሳቀች። ተስማማን።

ስምምነቱ አምስት ደቂቃ አልቆየም። እጇ ድንበር ጥሶ መጣ፣ አንድ ድንጋይ የሚያህል ጉርሻ ይዞ። አንድ ያጣላል አለችና ሁለተኛውን ደገመች። ሦስተኛው ለምን እንደሆነ አልገለጸችም።

እንጀራ 1። ጎመን ብዙ። ጉርሻ፣ በኃይል፣ 3።

ጥቅምት 13፣ 5፡00። ሳሪስ

ሳሪስ ተሳፋሪ የምናወርድበት ፊት ለፊት አባባ ወልዴ ሚዛን ዘርግተው ይቀመጣሉ። የፋብሪካ ዘበኛ ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ናቸው። ሰው ይወጣል፣ ቁጥሩን እሳቸው ጮክ ብለው ይጠራሉ፣ ሳንቲም ይቀበላሉ። እኔ ደግሞ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከሰው ኋላ ሄጄ በጫማዬ ጫፍ ሚዛኑን እረግጣለሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት ሙሽራ ላይ 9 ኪሎ ጨመርኩባት። የምትናደድ መስሎኝ ነበር። እልል አለች። ሚዜዎቿ አጨበጨቡ።

ከዛሬ ጀምሮ በየሳምንቱ እዚህ እመዘናለሁ። ጤ/ጣቢያው ወረፋው ረጅም ነው። ችግሩ ቁጥሩን እኔ ማየት አልችልም፣ ቦርጬ ይጋርደኛል። ጎንበስ ካልኩ መርፌው ይደንሳል፣ አባባም ይቆጣሉ። ስለዚህ ቀጥ ብዬ ሰማይ ሰማዩን አያለሁ፣ እሳቸው ያነባሉ።

111። አንድ ወርዷል፣ ደብተር። አንድ ኪሎ ሥጋ ስጠኝ ብትይ ልኳንዳ ቤቱ በሙሉ ልብ ቆርጦ የሚጠቀልለው ያህል።

አባባ ግን መነጽራቸውን አውልቀው ፊቴን አዩ። ምነው ጎደልክ ልጄ፣ ደኅና አይደለህም አሉ። ሰይጣን መጣብኝ። አንገቴን ደፋሁ። ድምፄን አሳነስኩ። ሐኪሞቹ ብዙም አትቆይም ብለውኛል አባባ አልኳቸው። ጋሽ ደምሴ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። አባባ አልሳቁም። ሳንቲሜን መልሰው እጄ ላይ ጨበጡልኝ።

በነፃ ተመዘንኩ። አራዳ ማለት ይሄ ነው።

ጥቅምት 27፣ 4፡30

ሻይ ያለ ስኳር፣ ሦስተኛ ሳምንቱ። አሁን ስኳር ያለው ብቀምስ የልጅ ሽሮፕ ይመስለኛል። በፓስቲ ፋንታ አሹቅ፣ አንድ እፍኝ። የእማዬ ሳይሆን የኔ እፍኝ። ለስላሳ 0። በእውነት 0፣ ልማልልሽ።

ፎቃችንን ሳላርፍ ወጣሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ልቤ አንኳኳ፣ እኔም መለስኩላት።

አባባ ወልዴ፦ 111። ባለፈው ሳምንትም 111። ምንድን ነው ነገሩ። የቱታዬ ላስቲክ ደግሞ ላልቶ እየሮጥኩ በአንድ እጄ ሱሪ፣ በአንድ እጄ በር እይዛለሁ። የገበያ ዕቃ፣ ሁለት ወር አይቆይም።

ኅዳር 8፣ 10፡00

ከግቢው ሁለት ሴቶች መጡ። ብርቱካንና ለስላሳ ይዘው። ማን ታሞ ነው ብዬ ልጠይቅ ስል ፊቴን እያዩ ከንፈር መጠጡ። የመጡት እኔን ሊጠይቁ ነው።

አላህ ያሽረው አሉ። አሚን አልኩ፣ ምን ልበል። ሶፋው ላይ ተዘርግቼ ትንሽ አቃሰትኩላቸው፣ መንገድ መጥተዋልና ባዶ እጃቸውን ይመለሱ? ከዚያ አንደኛዋ ለእማዬ ቀስ ብላ፣ በአባቱ ወጣ አለቻት።

ማቃሰቴን አቆምኩ።

ከሄዱ በኋላ እማዬ ምሳ አልቀመሰችም። የምትደብቀኝ ነገር አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኳት። ማልልኝ አለች። ማልኩላት። አላመነችኝም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ስዋሻት ኖሬ አንድ ቀን እውነት ብናገር ከየት ትወቀው። ወሬው ከየት መጣ፣ አላውቅም።

ኅዳር 11፣ 5፡10። ሳሪስ

112።

ሁለቴ አስነበብኳቸው። 112። አባባ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ ጎበዝ፣ እንዲሁ በርታ አሉ። በምን ልበርታ።

ደብተር፣ መልሰሽ አንብቢ እስቲ። 35 ቀን። ጎመን፣ ጎመን፣ ምስር፣ ጎመን። ፍየል ብሆን ኖሮ ወልጄ ነበር። ያ ሁሉ እርምጃ። ያ ሁሉ ደረጃ። ዞሮ ዞሮ የጀመርኩበት።

ጋሽ ደምሴ፦ ቦቴ ተፈጥሮው ቦቴ ነው፣ ብትፍቀው አውቶሞቢል አይሆንም። የሱ ሆድ ከመሪው ጋር ተጋብቶ ልጅ ሊወልድ ደርሷል፣ እሱ ነው በኔ የሚስቅ። በሩን ዘጋሁት።

ኅዳር 16፣ 7፡00

አንድ ተሳፋሪ ለጓደኛዋ ስትነግራት ሰማሁ። ለብ ያለ ውሃ በሎሚ፣ ሌላ ምንም፣ ሦስት ቀን፣ ስድስት ኪሎ። ጀመርኩ።

የክርስቲያኑ የነቢያት ጾም ገብቷል። በጾም ወራት ነው እኔና ጋሽ ደምሴ ከአንድ ትሪ የምንበላው፣ በሌላው ጊዜ ሥጋው ይለየናል። በያይነቱ አዘዘ። ና እንጂ አለ። ሎሚዬን አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየኝና ለብቻው በላ። ደስ ብሎት አልበላም።

ሎሚ 2።

ኅዳር 17

ሎሚ 3። ራሴ ይዞራል። ጠዋት አልተራመድኩም። ስድስት ኪሎ። ስድስት ኪሎ።

ኅዳር 18፣ 9፡00። ጤ/ጣቢያ አግዳሚ ላይ

ተጋድሜ ነው የምጽፈው፣ ጽሕፈቴን ታገሽው።

4 ሰዓት ላይ፣ ቃሊቲ አካባቢ፣ በሩ ተከፍቶ፣ እኔ አንድ እግሬ ውጭ። ሳሪስ፣ ሳሪስ እያልኩ ነበር። ሁለተኛውን ሳሪስ አልጨረስኩትም። አስፋልቱ ወደኔ መጣ። በሩ አጠገብ የተቀመጠች ሴትዮ ጃኬቴን በሁለት እጇ ይዛ ጎተተችኝ። ኋላችን ሲኖትራክ ነበር። ይህ የውሸት አልነበረም፣ ዛሬ ግን ማንም አልሳቀም።

ጋሽ ደምሴ ተሳፋሪውን ሁሉ አውርዶ ገንዘባቸውን መለሰ። በቀጥታ እዚህ። መንገዱን ሙሉ ሰደበኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

ሲ/ር ሰናይት ስለ ሎሚው ስትሰማ ብዕሯን አስቀመጠች። ጮክ ብላ ብትቆጣኝ ይሻል ነበር። ሰውነትህን አስርበህ አትገራውም አለች፤ በባዶ ሆድህ የሚሮጥ መኪና ላይ መንጠልጠል ደግሞ አመጋገብ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ፣ ከዚያ በላይ አልጠየቅኩህም። መጀመሪያ ሾርባ አጠጣችኝ።

ከዚያ ሚዛን ላይ አወጣችኝ። 105።

ሚዛንሽ ተበላሽቷል አልኳት።

እሷ ራሷ ወጣችበት። ልክ ነው አለች። ቁጥሩን ለማየት አንገቴን ሳሰግግ በፋይል ሸፈነችው።

105፣ ደብተር። ከሎሚው በፊትም ወደ 106 ወርጃለሁ ማለት ነው፣ ሎሚው ያወረደው ውሃ ብቻ ነው አለች። የቀረውን ያወረደው ጎመኑ፣ ደረጃው፣ ያ ሴቶቹን ተመስገን ያሰኘ እርምጃ። እና የቱታዬ ላስቲክ ምንም አልሆነም።

ታዲያ አባባ ወልዴ?

ተበቀሉኝ። ያቺን ሙሽራ አይተውብኛል።

ኅዳር 19፣ 5፡30። ሳሪስ

በልቼ ሄድኩ። እንቁላል 1፣ ዳቦ ግማሽ። ነገር ስፈልግ በባዶ ሆድ አልሆንም።

አባባ፣ ይሄ ሚዛን ስንት ይጨምራል አልኳቸው።

"ሚዛኑ ምንም አይጨምርም። እኔ ነኝ" አሉ።

"ስንት?"

"ባለፈው ስድስት መሰለኝ። ከዚያ በፊት አራት።"

ደሜ ፈላ። ለምን አልኩ። መልሰው አዩኝ፣ እንደ ሞኝ ነው ያዩኝ።

"ብዙም አትቆይም ብለውኛል አላልክም? በየሳምንቱ እየቀለጥክ ትመጣለህ። ታዲያ ቁጥሩን በአደባባይ እየጠራሁ በቁምህ ልቅበርህ? ስንቱን ልጅ እንዲህ ሲያልቅ አይቻለሁ መሰለህ። እንዳትደነግጥብኝ ብዬ ነው።"

እና ለወጪ ወራጁም ሲነግሩ ከርመዋል። ይህን ልጅ በጸሎታችሁ አስቡት፣ የዚያ የአቃቂ ታክሲ ልጅ ነው እያሉ። ብርቱካኑና ለስላሳው ከዚህ ነው የተነሣው። ከሳሪስ እስከ ቱሉ ዲምቱ ወሬ ተራ አይጠብቅም።

ደብተር፣ በሕይወቴ ሰው ፊት ሳፍር የመጀመሪያዬ ነው። ሲያፍሩ እጅ የት እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር። ቀልድ ነው አልኳቸው፣ አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። የሚገድለኝ በሽታ የለብኝም፣ እንዳይመጣ ነው የምሸሸው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

ከአጠገባቸው ከዘራቸውን አንሥተው ጭኔን አቀመሱኝ። ሁለቴ። አመመኝ፣ ደግሞም ደስ አለኝ። አሁን ውጣ አሉ።

ወጣሁ። ዛሬ ሰማይ አላየሁም። አገጬን ደረቴ ላይ ለጥፌ ወደ ታች አየሁ። ከቦርጬ ጫፍ ባሻገር፣ በጠባቡ፣ መርፌው። ጎንበስ ሳልል። በራሴ ዓይን። 105።

ጠራሁት። ጮክ ብዬ፣ ሳሪስ ሳሪስ በምልበት ድምፅ። አንድ ሰውዬ የመስመር ቁጥር መስሎት ወዴት ነው አለኝ።

ኅዳር 20፣ ማታ 3፡00

ለእማዬ ተናዘዝኩ። በነጠላ ጫማ አሯሯጠችኝ፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ለሁለቱም ሴቶች ደጃቸው ድረስ ሄደህ ንገር አለች። ሄድኩ። ብርቱካናችንን መልስ አሉኝ። በልቼዋለሁ፣ አንድ በቀን፣ ጽፌዋለሁ አልኳቸው።

ማታ ወጥ ስትሠራ ዘይቱን በማንኪያ ስትለካ አየኋት። ማንም አላዘዛትም።

ታኅሣሥ 17፣ 6፡40

103። አባባ ይጠራሉ፣ እኔም አያለሁ፣ ሁለታችንም እንስማማለን።

ዛሬ መኪናው ቃሊቲ ላይ ሳይጠብቀኝ ተነሣ። ሮጥኩ። ያዝኩት። በሩን ዘግቼ ሒሳብ ሒሳብ ስል ድምፄ ራሱ አልተቆራረጠም። ጋሽ ደምሴ በመስታወት አየኝ። ሆን ብሎ ነው የተነሣው። ልሞክርህ ብዬ ነው አለ። እርጉም።

ያቺ ጃኬቴን የያዘችው ሴትዮ ተሳፍራ ነበር። ላስከፍላት አልፈለግኩም፣ እሷ ግን በግድ ከፈለች። ሾርባ ጠጣበት አለች።

በያይነቱ ከጋሽ ደምሴ ጋር፣ ከአንድ ትሪ። ድንበር አሰመርኩ። ምን እያደረግክ ነው አለ። ወረዳዬን አልኩት። ዘይት የጠጣውን ፍትፍት ወደኔ ገፋው፣ እኔም መለስኩለት። ምሳ አይደለም፣ ኳስ ጨዋታ ነው።

ጥር 6፣ 4፡15

ደም ሰጠሁ። ከውጭ ቁጭ ብያለሁ። ጃኬቴን እስከ አገጬ ቆልፌያለሁ። ከአጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ብርድ ነው ልጄ አሉኝ። አዎ አባቴ አልኩ። ፀሐይ ላይ ነው የተቀመጥነው።

ከድር ተባልኩ።

4፡50

ክብደት 101። ግፊት እንደ ሰው። ስኳር 94።

ሲ/ር ሰናይት ሁለቴ አነበበችልኝ፣ እኔ ሦስተኛ አስነበብኳት። ወረቀቱን ስጪኝ፣ አስለጥፈዋለሁ አልኳት፣ የታክሲው መስታወት ላይ፣ ከታሪፉ ጎን። ቀጥል አለች፣ አልጨረስክም፣ በስድስት ወር ትመለሳለህ። በሩ ያለው እዚያው ነው፣ አንኳኪው ግን ሄዷል።

ለእማዬ ደወልኩ። ቁጥሩን ነገርኳት። አልሐምዱሊላህ አለች። ከዚያ፣ ዛሬ እንኳ አንድ ቅቤ ያለው ልሥራልህ አለች። ሥሪ አልኳት። አንድ ጉርሻ። ሳልጣላ።

68ቱን ደረጃ እየዘፈንኩ ወጣሁ። እስከ መጨረሻው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዱ በር ከፍቶ ዝም በል አለኝ። በክብር ተቀበልኩት።

ጥር 8፣ 3፡05። አቃቂ፣ ተራ ላይ

አሹቅ፣ እፍኝ። ሻይ።

ከፊታችን ሁለት መኪና አለ። ጋሽ ደምሴ ሞተሩን አጥፍቶ መሪው ላይ ተደግፏል። ጾሙ ከተፈታ ወዲህ ከረቡዕና ዓርብ በቀር በየቀኑ ጥብስ ነበር፣ ዛሬ ግን ቁርስ አላዘዘም። ሬዲዮኑንም አልከፈተም። ከዚያ ወደኔ ሳይዞር፣ መንገዱን እያየ፣ ያቺ ሲስተርህ ቅዳሜ ትገባለች ወይ አለኝ።

ለምን አልኩት።

የእግሬ ጣት መርገጫውን አይሰማውም፣ አለ። ሁለት ወር ሆነው። ፍሬን ስይዝ በዓይኔ ነው የማረጋግጠው።

ሦስት ቀልድ መጣልኝ። ሦስቱም ጥሩ ነበሩ። አንደኛው እንዲያውም በጣም ጥሩ ነበር።

ትገባለች አልኩት። ከነገ ማታ በኋላ አትበላም፣ ስኳር በባዶ ሆድ ነው የሚለካው፣ እኔም አብሬህ ሳልበላ እመጣለሁ። ተራ አስከባሪው ጋ ሄጄ ነገርኩት። ቅዳሜ መኪናችን አይሰለፍም። ቁልፉን አሁኑኑ ስጠኝ አልኩት ጋሽ ደምሴን፣ ዛሬ በዚያ እግር አትነዳም፣ ተተኪ ሹፌር እጠራለሁ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ።

ቁልፉን አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።